አባዬ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪው ሀገር ሄጄ መጣሁ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ቅባቱን ትቀባዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ መሳቢያ ውስጥ ከተኸዋል? በስልክ ስናወራ መስመሩ እየተቆራረጠ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ምን አልሽ?» ስንባባል ካርዱ ያልቃል፤ ስለዚህ የዛሬውን በጽሑፍ አደረግኩት። ለእህቴ ልጅ በቴሌግራም ልኬለታለሁ፣ ፊደሉን ትልቅ አድርጎ በወረቀት ያወጣልሃል። ረጅም ነው። ቡናህን ይዘህ ፀሐይ ያለበት ጋ ተቀመጥ።

ባለፈው ቅዳሜ ኢቴን ነበርኩ። አዎ፣ ያ ኢቴን። ኬንያዊ ባሸነፈ ቁጥር ሬዲዮውን ቀጭ እያደረግህ «እነዚያ የገደል አፋፍ ልጆች!» የምትላቸው ሰዎች ሀገር።

ነገሩ የጀመረው ምሳ ላይ ነው። መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ አንድ የዚያ አካባቢ ሰው አለ፤ ስለ አንተ አወራሁለት። አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፣ የስፖርት አስተማሪው ተቀይሮ ሲሄድ «ለጊዜው» ተብሎ ፊሽካውን ለእሱ ሰጡት፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ልጆች ሲያሯሩጥ ኖረ አልኩት። ሰውዬው ሹካውን አስቀመጠና «የእኛውም እኮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው» አለኝ። በዚያው አርብ ማታ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንተ ሰው ሲያመሰግንህ «እኔ ምን ስፖርት አውቃለሁ፣ ካርታ አንባቢ ነኝ» ትል የለ? እሷ ነገር ሁልጊዜ ታናድደኛለች። ለእሷ ብዬ ነው የሄድኩት ማለት ይቻላል።

ከናይሮቢ ኤልዶሬት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱን ተጉዘን ጠዋት ደረስን። ከኤልዶሬት ደግሞ በማታቱ ትወጣለህ፤ የእኛው ሚኒባስ ነው፣ ሙዚቃው ብቻ ጆሮ ያደነቁራል። ኢቴን መግቢያ ላይ መንገዱን ተሻግሮ የቆመ ቅስት አለ፣ «የሻምፒዮኖች መኖሪያ» የሚል። ትንሽ አለፍ ስትል መሬቱ ያልቃል። ኬሪዮ ሸለቆ ከእግርህ ሥር ቁልቁል ይዘረጋል፣ ጭጋጉ ከታች ነው ያለው፣ አንኮበር አፋፍ ላይ ቆመን ወደ አፋር ያየንበትን ቀን አስታወሰኝ። ከፍታው 2,400 ሜትር ነው ሲሉኝ ግን ሳቄ መጣ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 በላይ ናት። «ከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ ሻምፒዮን ነበር» ትል የነበረው ትዝ አለኝና እዚያው ማታቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ፈቀቅ አለች።

መንገዱ ቀይ አፈር ነው። ጠዋት በሃያ በሠላሳ እየሆኑ ይሮጣሉ፣ ትንፋሻቸው አይሰማም፣ የጫማቸው ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። ከመሃላቸው ትልልቅ የእጅ ሰዓት ያሰሩ ፈረንጆች አሉ፣ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ። ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ።

ትምህርት ቤቱ ሴንት ፓትሪክ ይባላል። የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ የካቶሊክ። (አሁን «ካቶሊክ ጋ ምን አስኬደሽ» እንዳትለኝ። ዘበኛው እንኳ አልጠየቀኝም።) ያቋቋሙት ፓትሪሺያን ብራዘርስ የሚባሉ የአየርላንድ ማኅበርተኞች ናቸው፤ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1808 ቱሎው በምትባል ከተማ ዳንኤል ዴላኒ የሚባል ጳጳስ የመሠረተው ነው። ቄሶች አይደሉም። መንኩሰው ማስተማር ነው ሥራቸው፣ ለዚህ ነው «ብራዘር» የሚባሉት። ኢቴን የመጡት በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ኬንያ ከእንግሊዝ እጅ ልትወጣ በምታኮበኩብበት ሰሞን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፤ ስትፈልግ ሰባት ወይም ስምንት ቀንስ፣ ሒሳብ አይከብድህም።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ብራዘር ኮልም ኦኮኔል ይባላል፣ የአየርላንድ የኮርክ አውራጃ ሰው ነው። በ1976 ጂኦግራፊ ሊያስተምር ለሦስት ወር መጣ። ለሦስት ወር! ስለ ሩጫ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሯጭም አልነበረም፣ አሰልጣኝም አልነበረም። ልጆቹን ያሰለጥን የነበረው ፒተር ፎስተር የሚባል እንግሊዛዊ አስተማሪ ነው፣ የታዋቂው ሯጭ የብሬንዳን ፎስተር ወንድም። ብሬንዳን ማለት በዚያው ዓመት ሞንትሪያል ላይ በ10,000 ነሐስ ያገኘው ነው። ያ እኛም ኬንያም ጥለን የወጣነው፣ አንተ ዛሬም «ምሩፅ ቢኖር እኮ» እያልክ የምትቆጭበት ኦሊምፒክ። ፒተር ጥቂት ቆይቶ ሲሄድ ሩጫው ማን ላይ ወደቀ? በጂኦግራፊ አስተማሪው ላይ። ሦስቱ ወር ወደ ሃምሳ ዓመት ተጎተተ። በመሃል ርእሰ መምህር ሆነ፣ ያንንም በ1990ዎቹ ተወው፣ ሩጫውን ግን አልተወም።

እንዴት አደረገው ካልከኝ፣ እኔ የገባኝ ይሄ ነው። ስለማያውቅ ልጆቹን ያይ ነበር። ማን እንዴት እንደሚረግጥ፣ ትከሻው የሚጨናነቀው የትኛው እንደሆነ፣ ሲደክመው እጁን የሚያወናጭፈው የትኛው እንደሆነ። ይጠይቃቸው ነበር። ትንንሾቹን አያስጨንቅም፤ ብዙ ኪሎ ሜትር አያስቆጥርም። ቀስ ያለ ሩጫ፣ የሰውነት አያያዝ፣ የእርምጃ ምት፣ ሽቅብ በዝግታ። ዛሬም እዚያ ሜዳ ላይ የሚታየው እሱ ነው። ልጆቹ ጉልበት ከፍ፣ ክርን ጠበቅ እያደረጉ በአንድ ምት ሲራመዱ ያየ ሰው የዳንስ ትምህርት ነው የሚመስለው።

አንተ ግን፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ጨካኝ ነበርክ። «ስምንት ዙር! ዘጠኝ! ማነው የቆመው!» ያ የቀበሌው ቀጭን ልጅ ትዝ ይልሃል? አጥሩ ሥር ያስመለሰው? ከዚያ በኋላ አልመጣም። እዚያ ሜዳ ዳር ቆሜ እሱን አስታወስኩት። ልጁ ጎበዝ ነበር፣ ታውቀዋለህ።

ግቢው ውስጥ ዛፎች አሉ። ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥቶ ትልቅ ድል ያገኘ ሯጭ ተመልሶ ዛፍ የመትከል ልማድ አላቸው፤ ሥሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል። ሐውልት የለ፣ የመስታወት ሣጥን የለ። ልጆቹ ጥላው ሥር ቁጭ ብለው ለፈተና ያጠናሉ፣ አንዱ ካልሲውን ቅርንጫፍ ላይ አስጥቷል። ሥራ ላይ የዋለ ዛፍ ነው ማለቴ ነው። እኔ በዛፎቹ መካከል እየዞርኩ የማስበው አንተን ነበር፣ ምክንያቱም የእነዚያ ሰዎች ታሪክ ግማሹ የአንተ ንዴት ነው።

ኢብራሂም ሁሴን ትዝ ይልሃል? በ1987 ኒው ዮርክን፣ በ1988 ቦስተንን ያሸነፈው። ቦስተንን ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው። በ1989 የእኛ አበበ መኮንን ሲያሸንፍ «መለስናት!» ብለህ ለጎረቤቱ ሁሉ ሻይ ገዛህ አሉ (እማዬ ናት ያወራችልኝ)። በ1991 ግን ሁሴን እንደገና መጣ፣ አበበን ሁለተኛ አድርጎት። በ1992ም ደገመ። እሱ የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ነው።

ፒተር ሮኖ ደግሞ ሴኡል። መስከረም 1981 በእኛ። ከሰሜን ኮሪያ ጋር አብረን ቀርተን እኛ የሌለንበት ኦሊምፒክ። ገና የ21 ዓመት ልጅ ሆኖ በ1,500 እነ ፒተር ኤሊየትን፣ እነ ስቲቭ ክራምን ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ያን የሚያህል ድል አላገኘም። አንድ ውድድር፣ አንድ ቀን፣ በቃ። አንተ ስለ ሴኡል ስታወራ የኛን አለመሄድ እንጂ ሮኖን አንስተህ አታውቅም፤ ልክ ነህ፣ ባላየኸው ሰው አትናደድም።

ማቲው ቢሪር። የእሱን ታሪክ ስሰማ ግን ቆሜ ቀረሁ። ባርሴሎና 1992፣ የ3,000 ሜትር መሰናክል። መሃል ላይ ወደቀ። መሰናክል ላይ መውደቅ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣ ምቱ ይጠፋል፣ ጉልበት ይፈራል። ተነሣና ቀስ ብሎ አንድ በአንድ ደረሰባቸው፣ አለፋቸው፣ ወርቁን ወሰደ። ከኋላው ሁለት ኬንያውያን፤ ሦስቱም ሜዳሊያ የእነሱ ሆነ። በዚያው ባርሴሎና ነው የእኛ ደራርቱ በ10,000 ያሸነፈችው፣ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የዞሩበት። አንተ ያን ቀን አልቅሰሃል። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁበት የመጀመሪያው ቀን ስለሆነ አልረሳውም፤ ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ እኔም አለቀስኩ።

አሁን ዋናውን ስማ። ነሐሴ 7 ቀን 1989፣ በፈረንጁ ኦገስት 13፣ 1997፣ ዙሪክ። ፍልሰታ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በማግስቱ ሬዲዮው ኃይሌ 5,000ን በ12:41.86 ሮጦ የዓለም ክብረወሰን ሰበረ ሲል ጋቢህን ጥለህ ዘለልክ። ትዝ ይልሃል አይደል? ያን ምሽት እኮ ዙሪክ ላይ የተሰበሩት ክብረወሰኖች ሦስት ናቸው! አንዱ የኃይሌ። ሁለተኛው በ800 ሜትር የዊልሰን ኪፕኬተር፣ 1:41.24። ሦስተኛው በ3,000 መሰናክል የዊልሰን ቦይት ኪፕኬተር፣ 7:59.08። ሁለቱም ዊልሰኖች፣ ሁለቱም ኪፕኬተሮች፣ የ800ው ደግሞ ከዚህችው ትምህርት ቤት የወጣ! አንተ አንድ ሰው ናቸው ብለህ ከአቶ ጎረቤታችን ጋር የተከራከርክበት ነገር ይሄ ነው፣ እና አዎ፣ ተሸንፈሃል፣ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ይቅርታ ጠይቀው።

እስቲ አስበው አባዬ። ዓለም ሁሉ የተሰበሰበበት ስታዲየም ውስጥ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው ክብረወሰን ሲሰብር አንዱ የተማረው ገደል አፋፍ ላይ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ሩጫ ተምሮ በማያውቅ አስተማሪ እጅ ነው። ሌላው የአሰላ ልጅ። ደግሞ የቦይት ክብረወሰን በአሥራ አንድ ቀን ተሰበረ፣ የኃይሌንም ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን በዘጠኝ ቀኑ ወሰደበት (ያን ጊዜ ሬዲዮውን ምን እንዳደረግከው አላነሣም)። የ800ው ዊልሰን ግን በዚያው ወር ኮሎኝ ላይ ወደ 1:41.11 አወረደውና ለ13 ዓመት ማንም አልነካውም። ልጁ ለትምህርት ዴንማርክ ሄዶ እዚያው ቀርቶ ለዴንማርክ ነበር የሚሮጠው። የዜግነቱ ነገር ስላላለቀ አትላንታ ሳይሮጥ ቀረ። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ የኦሊምፒክ ወርቅ ሳያገኝ አቆመ። ሲድኒ ላይ ብር፣ አቴንስ ላይ ነሐስ። አንዳንድ ሰው ዕድሉ እንዲህ ነው።

ክብረወሰኑን የሰበረበት ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ዴቪድ ሩዲሻ። እዚህ ላይ ግን እንዳትሳሳት፣ ሩዲሻ የሴንት ፓትሪክ ተማሪ አልነበረም፤ እዚያው ኢቴን ኪሙሮን በሚባል ሌላ ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ማሳይ ነው፣ ከሩቅ የመጣ። አባቱ በ1968 ሜክሲኮ በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ብር ያገኘ ሯጭ ነው። ልጁ 400 ሜትር እሮጣለሁ ብሎ ሲመጣ ወደ 800 ያዞረው ያው ብራዘር ኮልም ነው። አየህ፣ ማየት ነው። በ2010 በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ክብረወሰን ሰበረ፣ በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ላይ ደግሞ ከፊቱ የሚመራው ሰው ሳይኖር ከመጀመሪያው ተነሥቶ 1:40.91 ሮጠ።

ያን ውድድር አብረን ነው ያየነው፣ ሳሎን ውስጥ፣ እኔ ለዕረፍት መጥቼ። አንተ ግን ሩዲሻን አላየህም። ዓይንህ ከኋላ የነበረው ልጅ ላይ ነበር፣ የኛው መሐመድ አማን፣ የ18 ዓመት ልጅ፣ ስድስተኛ የወጣው። «ይሄ ልጅ ይበላዋል» አልክ። እኔ ሳቅኩብህ። ልክ በሦስት ሳምንቱ፣ ዙሪክ ላይ በዝናብ መሐመድ ሩዲሻን ቀደመው። ቀደም ብሎ በ2011 ሚላን ላይም ለሁለት ዓመት ያህል ያልተሸነፈውን ሩዲሻን ያስቆመው እሱ ነበር። በ2013 ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይሄን ሁሉ ለዚያ ለሥራ ባልደረባዬ ስነግረው ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፣ ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ።

እና እዚያ ግቢ ቆሜ ያሰብኩት የበቆጂውን ሰው ነው። ሥንታየሁ እሸቱን። እሱም ያው አስተማሪ፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ልጅ ሳሉ ያየ። ሰው ስለ ሩጫ ሲያወራ ስለ ደም ያወራል፣ ስለ አየር፣ ስለ ወተት፣ ስለ ገብስ። ይሁን፣ ሊሆን ይችላል። ግን ኢቴንም በቆጂም ውስጥ ያለው አንድ ነገር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሜዳ ዳር የሚቆም ሰው ነው። ነገም የሚቆም። ከነገ ወዲያም። አንተ የቆምክበት ሜዳ ላይ መጋዘን ሠሩበት። ሠላሳ ዓመት አሯሩጠህ ጡረታ በወጣህ በዓመቱ፣ ሳይጠይቁህ። ያኔ ምንም አላልክም፤ «የመንግሥት መሬት ነው» ብለህ ገብስህን ማየት ሄድክ። እኔ እስከ ዛሬ ያንን ትምህርት ቤት በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ሴንት ፓትሪክ ሜዳው አለ። ልዩነቱ እሱ ይሆን? አላውቅም፣ ከእነሱ ሜዳ ይልቅ የኛ ሜዳ ይሻል ነበር፣ ውኃም አይቋጥርም።

አሁን ቅር የምትሰኝበትን ልጽፍ ነው። ቡናህን ጨርስ።

ሴንት ፓትሪክ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው አልኩህ። ግን ከ1989 ጀምሮ ብራዘር ኮልም በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ የሩጫ ካምፕ ከፈተ፣ ሴቶች ልጆችንም እየጠራ። በወንዶች ግቢ! በዚያ ጊዜ፣ በዚያ ገጠር፣ ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ ስትሮጥ ምን እንደሚባል መገመት ትችላለህ፤ እኛም ሀገር ያው ነው። ካሰለጠናቸው አንዷ ሊዲያ ቼሮሜ ናት። በ1991 አንትወርፕ ላይ የዓለም ሀገር አቋራጭ የታዳጊዎች ሻምፒዮን ሆነች። ዕድሜዋ 13። አሥራ ሦስት ዓመት፣ አባዬ! (በዚያው አንትወርፕ ደራርቱ በአዋቂዎቹ ሁለተኛ ወጥታለች፣ ይሄ ለማስታገሻ ነው።) ኤድና ኪፕላጋትም በእሱ እጅ ያለፈች ናት፤ ሁለት ጊዜ የማራቶን የዓለም ሻምፒዮን፣ በ37 ዓመቷ ቦስተንን ያሸነፈች።

እኔ በ13 ዓመቴ ምን ሳደርግ ነበር? ስቶፕዎች ይዤ ነበር። ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ያንን ጥቁር ስቶፕዎች በሁለት እጄ ይዤ፣ ብርዱ ጣቴን እየቆረጠው የወንዶቹን ሰዓት በደብተር ስጽፍ። የሁሉንም ሰዓት በቃሌ አውቅ ነበር። ማን በአምስተኛው ዙር እንደሚወድቅ፣ ማን መጨረሻ ላይ እንደሚፈነዳ። አንተ ራስህ «ከኔ በላይ ታያለች» ትል ነበር ለእማዬ፤ ሰምቼሃለሁ።

አንድ ቀን ግን ስቶፕዎቹን ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ከወንዶቹ ኋላ ተነሣሁ። በላስቲክ ጫማ። ሁለት ዙር ያህል ሮጥኩ። የመጨረሻውን ልጅ ደርሼበት ነበር፣ ውሸት አይደለም። አንተ አልተቆጣህም። ከተቆጣህ እኮ ረስቼው ነበር። ዘወር ብለህ አየኸኝና «ታዲያ ሰዓቱን ማን ይይዛል?» አልክ። እንዲሁ፣ እንደ እውነተኛ ጥያቄ። ተመልሼ ያዝኩ።

ይሄን የምጽፈው ልወቅስህ አይደለም። ወይም ትንሽ ልወቅስህ ነው፣ እሺ። ሴት ልጅ መሮጥ የለባትም የምትል አባት እንዳልነበርክ አውቃለሁ፣ በደራርቱ ያለቀስክ ሰው ነህ። ሰዓት የሚይዝ ሰው ያስፈልግህ ነበር፣ እኔ ደግሞ እዚያ ነበርኩ። ይኸው ነው። ግን ኢቴን ላይ እነዚያ ሴቶች ልጆች ከካምፑ ወንዶች ጋር በአንድ መስመር ጉልበታቸውን ከፍ እያደረጉ ሲያልፉ፣ ጣቴ በራሱ የሌለውን ቁልፍ ተጫነ። ሰዓት ልይዝላቸው። ኋላ ሳስበው ሳቅኩ፣ ትንሽም ከፋኝ።

ለአንተ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ከአምስት ወር በፊት መሮጥ ጀምሬያለሁ። እዚህ ናይሮቢ ውስጥ ካሩራ የሚባል ትልቅ ደን አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። በ39 ዓመቴ። 5 ኪሎ ሜትር በ33 ደቂቃ። ሳቅ እሺ፣ ሳቅ፣ ኃይሌ በዚያች ሰዓት አሥር ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ሻወር ገብቷል። ከኢቴን ከተመለስኩ ወዲህ ግን ክርኔን ጠበቅ፣ ትከሻዬን ላላ እያደረግኩ በዝግታ ነው የምሄደው፣ ደስ ይላል፣ ጉልበቴንም አያመኝም። አንተም ልጆቹን እንዲህ ብታሮጣቸው ኖሮ የዛሬው ጉልበትህ... ተወው፣ ቆመህ ነው ያረጀኸው እንጂ አልሮጥክም።

ያ ደብተር አሁንም አለ? ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ የኔ የእጅ ጽሑፍ ያለበት? ቁም ሳጥኑ ላይ ከካርታዎቹ ጥቅል ጋር የነበረ ይመስለኛል። እንዳትጥለው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ አሁን አዲስ አበባ ሐኪም ነው፣ አንዱ ሎንችና ይነዳል፣ ሁለቱ አስተማሪ ሆነዋል፣ እና አንዱም ዓለም ሻምፒዮን አልሆነም፣ አውቃለሁ፣ ይሄን አንተም ሌሊት ሌሊት እንደምታስበው አውቃለሁ። ሴንት ፓትሪክ ውስጥም እኮ በየዓመቱ የሚመረቀው ልጅ መአት ነው። ዛፎቹ ግን እኔ በአንድ ጠዋት ዞሬ የምጨርሳቸው ናቸው።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ፈቃዴን ጠይቄያለሁ። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት፣ ከበራችን ተነሥቼ እስከ በሬሳ ድልድይ ደርሼ እመለሳለሁ። አንተ ወንበር አውጥተህ በር ላይ ትቀመጣለህ፣ ጋቢህን ለብሰህ። ስቶፕዎቹ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቅባቱ ካለበት ጎን። አሁን ሳይሞት አይቀርም፤ ከኋላው በኩል የባትሪው ቁጥር ተጽፏልና ለልጁ አሳየውና በቴሌግራም ይላክልኝ፣ ከዚህ ገዝቼ እመጣለሁ።

ልጅህ